ከኋላ ለተቀመጡትም ይሰማ



የሚድ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ዶርም ውስጥ የምናነሳቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ጥናት በዛብን፣ ሃንድአውቱ ዘግይቶ ደረሰን፣ ፈተናው ካልተማርነው ወጣ እንላለን። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አናነሳም፦ ትምህርቱ ሲሰጥ ተሰምቶን ነበር ወይ? አዳራሹ ሁለትና ሦስት ሴክሽን ተጣምሮ ሲሞላ፣ ከፊት ሦስት ረድፍ ያለው ተማሪና ከኋላ በሩ ሥር የተቀመጠው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ነው የተማሩት? አቴንዳንሱ ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። የሰሙት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምለው አጭር ነው። በትልልቅ የመማሪያ ክፍሎች ማይክና ድምፅ ማጉያ መጠቀም የምቾት ወይም የዘመናዊነት ጉዳይ አይደለም፤ የሐቅ ጉዳይ ነው። የማስማት ግዴታ በተናጋሪው ላይ ነው። አለመሰማቱን የመናገር ግዴታ ደግሞ በእኛ ላይ ነው። ሙስሊም ተማሪ ይህን ለማለት ከማንም የበለጠ ምክንያት አለው፤ ዲናችን ስለ ማስማት ብዙ አስተምሮናልና።

ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም

በደብረ ሲና ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ሰው የሚጣራ ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጎትተው አስተውሉ። ማዶኛው ስሙ መጠራቱን ያውቃል፣ ይመልሳልም። ዝርዝር ጉዳይ ግን በጩኸት አይነገርም፤ «ቅረብና ልንገርህ» ይባላል። ጎትተን የምናስረዝመው የቃሉን አናባቢ ነው። አናባቢ ጉልበት አለው፣ ሩቅ ይሄዳል። አንዱን ቃል ከሌላው የሚለዩት ግን በአብዛኛው ተነባቢዎቹ ናቸው፤ እነ ስ፣ ት፣ ፍ፣ ክ። እነዚህ ቀጫጭንና ደካማ ድምፆች ስለሆኑ ርቀትና ጫጫታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

በአዳራሻችን የኋላ ረድፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። «መምህሩ ይሰማል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» የምንለው ድምፁ ስለሚመጣ ነው። ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። «ፊፍቲን» ነው ያለው «ፊፍቲ»? «ሃይፐር» ነው ወይስ «ሃይፖ»? በሶሺዮሎጂ ክፍል ይህ ስህተት አንድ ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል። የሕክምና፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪ ግን ነገ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነው። 15 ሚሊግራምና 50 ሚሊግራም፣ የስኳር መጠን ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት፣ በአንድ የተዋጠ ፊደል የሚለያዩበት ክፍል ውስጥ «ድምፁ ይሰማል» ማለት በቂ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ሰው በተለመደ አነጋገር ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሲሰማ ድምፁ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከተናጋሪው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለት ሜትር ላይ 54፣ አራት ሜትር ላይ 48፣ ስምንት ሜትር ላይ 42 ይሆናል ማለት ነው። መቶ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ወረቀቱ ይገለበጣል፣ ሳሉ አለ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው አለ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ በቀላሉ ከዚያ ቁጥር ይበልጣል። የድምፅ ባለሙያዎች ለመማሪያ ክፍል የሚመክሩት የመምህሩ ድምፅ ከአካባቢው ጫጫታ በ15 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ ነው። በእኛ የኋላ ረድፍ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ጫጫታው ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምርማ ሒሳቡን ማስላትም አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ መስታወት የሆነ ሰፊ ክፍል ድምፅን አይውጥም፤ መልሶ ይወረውረዋል። የገደል ማሚቶ ማለት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቃል ማሚቶ ሳይሞት ሁለተኛው ቃል ይደርሳል፤ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ስለዚህ መምህሩ ዝም ብሎ ቢጮህ ማሚቶውም አብሮ ይጮሃል። ጩኸት መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ በሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን አንርሳ

የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስንነጋገር ግማሹ ቃል ቢዋጥ እንኳ አእምሯችን ይሞላዋል። አንድ ሰው ከሩቅ «ነገ ፈተ... አለ» ቢለን «ፈተና» መሆኑን ለመረዳት አንቸገርም። በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው ሙያዊ ቃል ሲሆን፣ የጎደለውን የምንሞላበት ነገር የለንም። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው በአፍ መፍቻው ከሚያዳምጥ ሰው ይልቅ የጠራ ድምፅ እንደሚያስፈልገው በጥናት የታወቀ ነው።

ከመካከላችን ያሉትን ተማሪዎች እናስብ። ከከሚሴ፣ ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ወንድማችን ቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ከአርጎባ ቀበሌዎች የመጣችው እህታችን አማርኛና አርጎብኛ እያቀላቀለች ያደገች ናት። ከአፋር የመጣውም አለ። አንዳንዱ ከመንደሩ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ፍሬሽ ዓመት ላይ የመምህሩን አነጋገር ገና ሳይለምድ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ በማሚቶ የተደባለቀ እንግሊዝኛ ይሰማል። ሳይገባው ሲቀር ጥፋቱን የሚጥለው በክፍሉ ላይ አይደለም፤ በራሱ ላይ ነው። «እኔ ጎበዝ አይደለሁም» ይላል። አንድ ተማሪ የማሽን ጉድለትን የራሱ ድክመት አድርጎ ሲቆጥር ማየት ያሳዝናል።

ስለ ጆሮም ማንሳት ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ማለትም 430 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር አለበት። ብዙዎች በልጅነታቸው ጆሯቸው መግል ይዞ በወጉ ያልታከሙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አጠገባችን ሊቀመጥ ይችላል፤ ላይነግረንም ይችላል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የተበላሸ ማይክ ተሠርቶ ሲገኝ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ችግሩን መናገር ያፈረውን ተማሪ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለብን። ፈተናው «የት ረድፍ ተቀምጠህ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እና የማስማት ጉዳይ

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት አንድ ዘገባ አለ። ኢማም አል-ቡኻሪ በዒልም ምዕራፍ ውስጥ አስገብተውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ኹጥባ ካደረጉ በኋላ ከኋላ የነበሩት ሴቶች ያልሰሙ መሰላቸው። ቢላልን (ረ.ዐ) አስከትለው ወደ እነርሱ ሄዱ፤ መከሯቸው፣ ሰደቃ እንዲሰጡም አዘዟቸው።

ይህን ዘገባ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ሰደቃ ስናወራ ነው። ከትምህርት አንፃር ግን እስቲ እንየው። ሴቶቹ «አልሰማንም» ብለው አልጮኹም። ከፊት የነበሩት ወንዶች ሰምተዋል፤ ኹጥባው አልቋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ተናግሬያለሁ፣ ከእኔ ወርዷል አላሉም። ያልሰማ ሰው አለ ብለው ማሰባቸው ብቻ ተነስተው እንዲሄዱ በቂ ሆነ። መናገርና ማስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የተናጋሪው አማና የሚፈጸመው በሁለተኛው መሆኑን ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ነገር አላውቅም።

ሌሎችም ምሳሌዎች አሉ። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ነበር። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ የቢላል ድምፅ የተሻለ ይደርስ ነበርና። ክብሩ የሕልሙ ባለቤት ቢሆንም ሥራው የተሰጠው ድምፁ ለሚደርሰው ሰው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታመው ተቀምጠው ባሰገዱ ጊዜ አቡበክር (ረ.ዐ) ተክቢራቸውን ለሰዎች ያሰሙ ነበር። በሐጀቱል ወዳዕ በሚና ንግግር ሲያደርጉ ዐሊይ (ረ.ዐ) ቃላቸውን እየተቀበሉ ለሕዝቡ ያደርሱ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በዚያው ሐጅ ጀሪር (ረ.ዐ) ሰዎችን ጸጥ እንዲያሰኙ ታዘዋል። ልብ በሉ፦ ሁለቱም ሥራዎች አሉ። አንደኛው ድምፁን ማድረስ፣ ሁለተኛው ጫጫታውን መቀነስ። የዛሬ የድምፅ መሐንዲስ የሚያወራውም ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ከሰሓቦች በኋላ የመጡት የሐዲስ ሊቃውንትም ጉዳዩን ለዕድል አልተዉትም። በባግዳድና በሌሎች ከተሞች የሐዲስ መጅሊሶች እየሰፉ ሲሄዱ «ሙስተምሊ» የሚባል ሰው ተመደበ። ሸይኹ የሚናገረውን እየተቀበለ ጮክ ብሎ ለሩቁ ያሰማል፤ ሕዝቡ ሲበዛ አንዱ ሙስተምሊ ለሌላው፣ ሌላው ለሚቀጥለው እያቀበሉ እስከ መጨረሻው ረድፍ ያደርሳሉ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ የኖሩት ኢማም አስ-ሰምዓኒ ስለ ማጻፍና ስለ ሙስተምሊ ሥርዓት ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ማይክራፎን የዚያ ሰው ወራሽ ነው። ስለዚህ ማይክ መጠቀም የፈረንጅ ቅንጦት ሳይሆን የቀደምቶቻችን አደብ ነው ብንል አላጋነንንም።

በአገራችን የደርስ ሥርዓትስ? በወሎ ሐሪማዎች፣ እዚሁ በሰሜን ሸዋ በአርጎባ ምድር እንደ ጎዜ ባሉ ጥንታዊ መስጂዶች ደረሳው ሸይኹን ከቦ ይቀመጥ ነበር። ክቡ ጠባብ ስለነበር ማጉያ አላስፈለገም። ደረሳው ኪታቡን ያነባል፣ ሸይኹ እየሰሙ ያርማሉ፤ ያልሰማ ሰው ወዲያው ይታወቃል። እኛ ክቡን ወደ ረጅም አዳራሽ ቀይረን፣ የክቡን ጥቅም የሚተካ ነገር ሳናስገባ ቀረን።

«ማይክ አያስፈልገኝም»

አንዳንድ መምህራን ማይኩ ሲሰጣቸው «አያስፈልገኝም፣ ድምፄ ይበቃል» ይላሉ። በቅንነት ነው የሚሉት። ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ ከአሥራ አምስት ሜትር ርቀት ሰምቶት አያውቅም። ድምፁ ይበቃ እንደሆን መመስከር የሚችለው ከኋላ የተቀመጠው ብቻ ነው። «ይሰማል አይደል?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅም። «አዎ» ብለው የሚመልሱት የሰሙት ናቸው፤ ያልሰማው ጥያቄውንም አልሰማውም።

ለመምህሩ ራሱም ይጠቅማል። መምህርነት የድምፅ ሕመም ከሚበዛባቸው ሙያዎች አንዱ ነው። በቀን አራትና አምስት ሰዓት እየጮኸ የሚያስተምር ሰው ጉሮሮውን ይጎዳል። ከሰዓት በኋላ ያለው ሴክሽን የሚደርሰው የተረፈው ድምፅ ነው።

ሌላው ቅሬታ የመሣሪያው ነው። «ያፏጫል፣ ይረብሻል፣ ባትሪው ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል» ይባላል። ሁሉም እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን መፍትሔ አለው። ማይክ የሚያፏጨው ራሱ ካወጣው ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው። ከማይኩ የገባው ድምፅ በስፒከሩ ይወጣል፣ እንደገና ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ሲዞር ያድጋል፣ በመጨረሻም ይጮሃል። ስለዚህ ስፒከሮቹ ከመምህሩ ፊት፣ ወደ ተማሪው ዞረው ይቀመጡ፤ መምህሩም ከስፒከሩ ፊት ለፊት አይቁም። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ሳይሞላ መያዝ ድምፁን ከፍ ሳያደርጉ ለማሰማት ያስችላል። እጃቸውን ለሰሌዳ ለሚፈልጉ መምህራን ደረት ላይ የሚሰካው ይሻላል።

ማሚቶ ለሚበዛበት ክፍል ደግሞ አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ከፊት አስቀምጦ መጮህ ይብሳል። ትንንሽ ስፒከሮችን በግድግዳው ርዝመት ዘርግቶ ሁሉንም በዝቅተኛ ድምፅ መክፈት ይሻላል። የመጨረሻው ረድፍ የራሱ ቅርብ ድምፅ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው ረድፍም አይደነቁርም። የማጉያ ዓላማ ክፍሉን ማስጮህ ሳይሆን ሩቁን ማቅረብ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ያኔ ተማሪው ወደ ፊት ይሰብሰብ፤ የክቡን ሱንና እናስታውስ።

የጠያቂው ድምፅ

ስለ ማይክ ስናወራ የምናስበው የመምህሩን ድምፅ ብቻ ነው። ግማሹ ትምህርት ግን ጥያቄ ነው። ከመሐል አንዱ ተማሪ ይጠይቃል፤ መምህሩ ቀርበው ይሰሙትና ይመልሳሉ። ሌላው ክፍል ጥያቄውን ስላልሰማ መልሱ ትርጉም የለውም። የሚያልፈው መምህርና አንድ ተማሪ ሲወያዩ እያየ ነው።

ይህ ጉዳይ እህቶቻችንን ይበልጥ ይነካል። ብዙዎቹ ከኋላ ወይም ከዳር መቀመጥ ይመርጣሉ። ኒቃብ የምትለብሰውን እህት ድምፅ ጨርቁ በመጠኑ ያፍነዋል፤ የከንፈሯ እንቅስቃሴም ለሰሚው አይታይም። አንዴ ትጠይቃለች፣ «ምን አልሽ?» ትባላለች፣ ትደግማለች፣ «አልሰማሁም፣ ጮክ በይ!» ትባላለች፣ ከፊት ያሉት ዞረው ያዩዋታል። ሦስተኛ ጊዜ አትደግምም፤ «ይቅር፣ ገባኝ» ብላ ትቀመጣለች። አልገባትም። በሚቀጥለው ሳምንት እጇን አታወጣም።

አንዳንዱ ዝምታዋን ሐያእ ይለዋል። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከማወቅ ስላላገዳቸው ነው። ለዚያች እህት ማይክ ማቀበል ጩኺ ብሎ ከማስገደድ እጅግ ይሻላል። ማይክ በያዘ እጅ በዝግታ ተናግሮ መሰማት ይቻላል። ማይኩ ለማዞር የማይመች ከሆነ ደግሞ አንድ ቀላል ልማድ ይበቃል፦ መምህሩ ከመመለሳቸው በፊት ጥያቄውን በማይክ ይድገሙት። ምንም ወጪ የለውም።

የክፍሉ ማይክ የማን ነው?

እዚህ ላይ ለራሳችን መንገር ያለብን ነገር አለ። የመማሪያ ክፍሉ ማይክ የሙስሊሙም፣ የክርስቲያኑም፣ የሌላውም ተማሪ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንደሚካሄድ ደንግጓል። ክፍል ከመጀመሩ በፊት ወይም መምህሩ እንደወጡ ማይኩን ይዞ የጀመዓ ማስታወቂያ መናገር፣ የደዕዋ ፕሮግራም መጥራት ተገቢ አይደለም። ሌላው ወገን ቢያደርገው ደስ አይለንም፤ እኛም አናድርገው። ማስታወቂያችን የራሱ ቦታ አለው። ማይኩ እንዲሠራ የምንጠይቀው ለጀመዓችን ብለን ሳይሆን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሁሉ ብለን ነው። ጥያቄያችን ክብደት የሚኖረውም ያን ጊዜ ነው።

በራሳችን ቤትም ሁለት ጉድለቶች አሉ። የመጀመሪያው ማነስ ነው። በየመስጂዱ በሴቶች በኩል ያለው ስፒከር ገመዱ ተበጥሶ፣ ወይም ድምፁ ታፍኖ፣ ሳምንታት ሲያልፉ ማንም አያውቅም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማልና። የዒዱን ሐዲስ በቃላችን እያወቅን ዳግም ያንኑ ነገር እንተወዋለን። ከእያንዳንዱ ደርስ በፊት አንዲት እህት በሴቶቹ በኩል ሆና ድምፁን አዳምጣ «ይሰማል» ወይም «አይሰማም» ብላ በስልክ መልእክት ብትልክ ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ሁለተኛው መብዛት ነው። ሠላሳ ሰው ለተሰበሰበበት ጠባብ ክፍል ሞንታርቦ የምንከፍት፣ የውጭውን ስፒከር ማታ ላይ ለውስጡ ፕሮግራም የምናበራ አለን። ሉቅማን ልጁን ሲመክር ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ እንዳዘዘው ቁርኣን ይነግረናል። በሱረቱል ኢስራእም በሶላት ድምፅን ከልክ በላይ ሳያጎሉ፣ ከልክ በላይም ሳይደብቁ መካከለኛውን መንገድ እንድንይዝ ታዘናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሆነው ሰዎች ቁርኣን ሲቀሩ አንዱ በሌላው ላይ ድምፁን እንዳያጎላ ከልክለዋል። ለቁርኣን ንባብ እንኳ ልክ ከተበጀለት ለእኛ ንግግር እንዴት አይበጅለትም? የድምፅ ልኩ ሰሚው ነው። ሊሰማ የመጣው እስኪሰማ ማድረስ ሐቁ ነው፤ ሊተኛ ወይም ሊያጠና የፈለገውን ጎረቤት መረበሽ ደግሞ የእሱን ሐቅ መንካት ነው።

ምን እናድርግ?

ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ዝም ያልነው ይነቅዛል፤ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ማይኩ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ይቀራል። ኢንሻአላህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከፊት የምንቀመጥ ሰዎች «ይሰማል» ብለን ለኋላው አንመልስለት። ዞር ብለን እንይ፤ እጁን ያወጣ ካለ እንናገርለት።

ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ከተወካዩ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር እንሞክር። መምህሩ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው ከፊት ቆሞ አሥር የማይያያዙ ቃላትን በተለመደ ድምፅ ያንብብ፤ የመጨረሻው ረድፍ የሰማውን ይጻፍ። አሥሩን ከጻፈ ማይክ አያስፈልግም፤ አምስቱን ብቻ ከጻፈ ማስረጃው በእጃችን ነው። «አይሰማም» ከሚል ቅሬታ ይልቅ ይህ ወረቀት በዲፓርትመንት ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ለመምህሩ በአደብ ይቅረብ። በሰው ፊት «አይሰማም!» ብሎ ከመጮህ፣ ከክፍል በኋላ ሁለት ሦስት ሆኖ ሄዶ «ከኋላ ያለነው ቃሉን መለየት ተቸግረናል፤ ማይኩን እኛ ቀድመን እናዘጋጅልዎታለን» ማለት ይሻላል። ብዙ መምህር ማይክ የሚተወው ጠልቶ ሳይሆን የሚያመጣውና የሚያስተካክለው ሰው ስለሌለ ነው።

አራተኛ፣ ከመካከላችን የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪዎች አሉ። የተበጠሰ ገመድ መበየድ፣ ስፒከር ቦታውን መቀየር፣ ባትሪ መሙላት ለእነሱ ከባድ አይደለም። የሚመለከተውን ክፍል አስፈቅደን፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት የአዳራሾችን መሣሪያ የሚፈትሽ ቡድን እናቋቁም። የጀመዓ ስም አይለጠፍበት። ዒልም በደንብ እንዲደርስ ያገዘ ሰው አጅሩ አላህ (ሱ.ወ) ዘንድ አለለት፤ ስሙ ስፒከሩ ላይ መጻፍ የለበትም።

አምስተኛ፣ ማይክ በሌለበት ክፍል መምህሩን ሳናስፈቅድ በስልክ ቀርጸን አናሰራጭ። ንግግር አማና ነው። ፈቃድ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹም ይፈቅዳሉ። ከተፈቀደልን ደግሞ ቅጂው ላልሰማው ሁሉ ይድረስ እንጂ በጓደኞች መካከል ብቻ አይዙር።

በመጨረሻም ለእኛው ለራሳችን፦ ከእኛ መካከል ነገ መምህር፣ ኢማም፣ ሐኪም፣ ኃላፊ የሚሆኑ አሉ። ያን ቀን ከፊታችን የሚቀመጠው ሰው ከኋላ ይቀመጥ ይሆናል፤ አልሰማሁም ለማለትም ያፍር ይሆናል። ሳይጠይቀን ወደ እሱ መሄድን ከአሁኑ እንልመድ።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅመንን እንድንሰማ፣ የሰማነውን እንድንሠራበት ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።